ዐይኗን መሳል ቢያቅተኝ

በእርሳስ ለመሳል ከሁሉ የሚቀለው ቫልቭ ነው። ይህን የምለው ቫልቭን አክብሬ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እንጀራዬ እሱ ስለነበር ነው። ሳውዲ ዐረቢያ፣ ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ድራፍትማን አድርጎ ቀጥሮኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቫልቭ ስስል እውል ነበር። ቫልቭ ጨዋ ነው። ካስቀመጡት ቦታ አይነቃነቅም። ግራና ቀኙ እኩል ነው። አያስነጥስም፣ "ገና አልጨረስክም?" አይልም፣ ሲያልቅም አንገቱን አስግጎ አይቶ "ይሄ እኔ ነኝ?" ብሎ አይቀየምም። ማስመሪያና ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ቫልቭ ይስላል።

ሰው ግን ትንሽ ነገር ሲያውቅ አርፎ አይቀመጥም። እኔም "ቫልቭ የሳለ እጅ ምን ያቅተዋል?" አልኩና ከሥራ መልስ ሌላ ሌላውን መሞከር ጀመርኩ። መጀመሪያ ብርቱካን ሳልኩ። ብርቱካን ክብ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ክብ ብቻ መሆኑ ነው። አጠገቡ ቆማችሁ "ብርቱካን ነው" እያላችሁ ካላስረዳችሁ ያየው ሁሉ ድንች ይለዋል። ከብርቱካን ወደ ሻይ ብርጭቆ ዞርኩ። ብርጭቆ ደግሞ ከኋላው ያለውን ሁሉ የሚያወጣ ወሬኛ ነገር ነው። እሱን ልስል ተቀምጬ የስኳር ጣሳውን፣ የግድግዳውን ስንጥቅና የኢብራሂምን ሸሚዝ ስዬ ተነሳሁ።

ኢብራሂም አል ባዲያ በሚባለው የደማም ሰፈር ቤት የምጋራው የከሚሴ ልጅ ነው። ደማም ወደብ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበር፤ ከመርከብ የወረደውን ሁሉ እየመዘገበ ስለሚውል ማታ ቤት ሲገባ ምንም ነገር አያስደንቀውም። የሥዕሎቼ የመጀመሪያ ተመልካች እሱ ነው፤ ስለዚህ አድናቆት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።

ድመትም ሞክሬያለሁ። ሰፈራችን ድመት ሞልቶታል። ጆሮዋን እስክትስሉ እንደ ሙሽራ ትቀመጥላችኋለች፤ ጭራዋ ላይ ስትደርሱ ጉዳይ ትዝ ይላታል። ደብተሬ ውስጥ ጭራ የሌላቸው ዘጠኝ ድመቶች አሉ። ባሕርም ሞክሬያለሁ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮበር ባሕር ዳር ተቀምጬ ሳልኩት። የኮበር ባሕር ማዕበል የለውም፣ ተራራ የለውም፣ አንዲት አግዳሚ መስመር ብቻ ነው። ያቺን መስመር በስንት ላብ አስምሬ ለኢብራሂም ባሳየው "የሪያድ መንገድ ነው?" አለኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን የሰው ፊት ነው። ቫልቭ ላይ አንድ ሚሊሜትር ብትስቱ ውሃ ያፈስሳል፤ ፊት ላይ አንድ ሚሊሜትር ብትስቱ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ኢብራሂምን ፍራሽ ላይ እንደተጋደመ ሳልኩትና ሰጠሁት። አገላብጦ አየው።

"ወላሂ ይሄ አጎቴ ሰይድ ነው! የት አገኘኸው?"

"አንተ ነህ እኮ።"

"እኔ? አስተግፊሩላህ! ስማ፣ በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን ‘ለሳልከው ሁሉ ነፍስ ዝራበት’ ትባላለህ። በዚህ አፍንጫ በኩል ግን ነፍስ የሚገባ አይመስለኝም።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እርሳሱን ሰብሮ ይተወው ነበር። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ነው የተፈራን እናት ልስል የተነሳሁት።

ተፈራ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። የደሴ ልጅ ነው፤ ኮበር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይሠራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። የዚያን ዓመት ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ስተኛ፣ ከኮበር ደማም በየቀኑ እየተመላለሰ ሾርባ ያጠጣኝ እሱ ነው። አባት የለው፣ ወንድም የለው፤ ያለችው እናቱ እትዬ ዘነቡ ብቻ ናት። የሷንም ጉርድ ፎቶ በመኖሪያ ፈቃዱ፣ በኢቃማው ደብተር ውስጥ አስቀምጦ ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ለፖሊስ ኢቃማውን ባሳየ ቁጥር እናቱም አብራ ትታያለች። አገሩን ካየ አምስት ዓመቱ ነው። የዕረፍት ጊዜው በደረሰ ቁጥር "ቆይ ለከርሞ" ይላል፤ ከርሞ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ከርሞ አለ።

ፎቶዋ በላብና በሙቀት ጠርዟ ተልጦ ነበር። "ይቺን በትልቁ ስዬ ባበረክትለት ከሾርባው ጋር ይመጣጠናል" ብዬ አሰብኩ። ታዲያ ድንገተኛ ስጦታ እንዲሆን ፈለግሁ፤ ፎቶዋን መጠየቅ አልፈለግሁም። ስለዚህ አንድ ቀን ቤቱ ሄጄ፣ እሱ ወጥ ሊያማስል ሲነሳ፣ ከኢቃማው ውስጥ ሰረቅኋት።

በማግስቱ ማታ ከሆስፒታሉ ስልክ ደወለልኝ፤ ድምፁ ልክ አልነበረም።

"የእናቴ ፎቶ ጠፋችብኝ።"

"ትገኛለች፣ አይዞህ" አልኩት፤ ፎቶዋ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ እያየችኝ።

"ደግ ምልክት አይደለም። ደብዳቤ ከላከችልኝ ሦስት ወር አለፈ። ትናንት ደግሞ በሕልሜ ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ፤ የመንጋጋ ጥርሴ።"

ጥርስ በሕልም ሲወልቅ ምን ማለት እንደሆነ አብራራልን አትሉኝም። ያኔ እውነቱን ብናገር ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ግን ስጦታዬ እንዳይበላሽ ሳሳሁ። እንዲያውም "ደውልላት እንጂ" ስለው "ስልክ የሚደወለው መርዶ ለመስማት ነው፤ ጆሮዬን አላቀርብም" አለኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ዘጋሁ።

ሥዕሉ መጀመሪያ ላይ በማይታመን ሁኔታ አማረልኝ። የአሮጊት ፊት ከወጣት ፊት ይቀላል፤ እጅ የሚይዘው መስመር አለው። ግንባሯን፣ ሹሩባዋን፣ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ፣ ነጠላዋን ሁሉ በደንብ አወጣሁት። አፏም በአራተኛው ሙከራ እሺ አለኝ። የቀረው ዐይኗ ነበር።

ዐይን እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። መጀመሪያ ስስላት አፈጠጠችብኝ። አጠፋሁና ደገምኩ፤ የቀበሌ ሊቀ መንበር መሰለች። ሦስተኛው ላይ አንዱ ዐይኗ እኔን፣ ሌላው ኢብራሂምን አየ። ሰባተኛው ላይ ወረቀቱ በላጲስ ሳስቶ ከበስተኋላው ብርሃን ያስገባ ጀመር። አንድ ጊዜ ብደግመው ይቀደዳል። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ጨፈንኳቸው። ሁለት ቀለል ያሉ ቅስቶች፣ ከሥራቸው ሽፋሽፍት፣ ኸላስ። ቫልቭ እንኳ ይህን ያህል አልቀለለኝም።

ኢብራሂም አየውና ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

"ምነው ዐይናቸው ተጨፈነ?"

"እየጸለዩ ነው" አልኩት።

"እንዲያ ከሆነ ደህና" አለና ሄደ። እኔም ያን ጊዜ ራሴን ቁም ነገረኛ ሠዓሊ አድርጌ አየሁ። ገበያ ወጥቼ ልኩ የሚሆን ፍሬም ስፈልግ የተገኘው ጥቁር ብቻ ነበር፤ ለነጭ ወረቀት ጥቁር ያምርበታል ብዬ ገዛሁት።

ስጦታውን ዓርብ ልንወስድ ተስማማን። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው፤ ኢብራሂም ግን ለጁምዓ ሶላት በጊዜ መመለስ ስላለበት በማለዳ ካልሄድን አለ። በመኪናው ልንነሳ ስንል ጋሽ መኮንን ደጃችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። ኮበር ዓሣ ሊገዙ ነው፤ ዓሣ ደግሞ በማለዳ ነው የሚገዛ፤ "ከሄዳችሁ አድርሱኝ" አሉ። አደረስናቸው ማለት ይከብደኛል፤ ዓሣው ዘንድ ሳንደርስ ነገሩ ተበላሸ።

ጋሽ መኮንን በዚያ አካባቢ ያለን ኢትዮጵያውያን ሁሉ የምናከብራቸው፣ ግን በራችንን ሲያንኳኩ የማንወዳቸው ሰው ናቸው። ዕድሜ ጠገብ ስለሆኑና ንግግር ስለሚያውቁ፣ አገር ቤት ሰው የሞተበት ሁሉ መርዶውን የሚሰማው ከእሳቸው አፍ ነው። ለምርቃትም ለዕርቅም ይጠራሉ፤ ሰው ግን የሚያስታውሳቸው በመርዶው ነው። ተፈራ ቤት ስንደርስ "አንድ ጊዜ ሰላም ልበለው" ብለው አብረውን ወጡ። እንዲያውም ከሽምግልናቸው የተነሳ ፊት ፊት ሄዱ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ኢብራሂም የጁምዓ ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል። እኔ በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ደረቴ ላይ ታቅፌያለሁ። አሁን ሳስበው፣ እንዲያ ሆነን የእኔን በር ብናንኳኳ እኔም እጮህ ነበር።

ተፈራ በፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሹን እንደነከሰ በሩን ከፈተ። ጋሽ መኮንንን አየ። ከኋላቸው ኢብራሂምን አየ። እኔን አየ። ብሩሹ ከአፉ ወደቀ።

ጋሽ መኮንንም ከልማድ ይሁን ከርኅራኄ እንጃ፣ ትከሻውን ያዝ አድርገው "ደህና አደርክ ልጄ? እስቲ መጀመሪያ ተቀመጥ" አሉት።

"ምን ሆነች?" አለ ተፈራ።

ነገሩን ላስተካክል ብዬ ተቻኮልኩ። "ስጦታ ነው! ስጦታ ነው ያመጣንልህ!" እያልኩ ላስቲኩን ቀድጄ ሥዕሉን ፊቱ ዘረጋሁት። እናቱ፣ በጥቁር ፍሬም ውስጥ፣ ዐይኗን ጨፍና።

"ወይኔ እናቴ! ወይኔ እናቴ!"

ወለሉ ላይ ወደቀ። ሦስታችንም ተረባርበን ያዝነው፤ ይሄም ሌላ ስህተት ነው፤ መርዶ ነጋሪ ነው እንደዚህ የሚይዘው።

"ተፈራ፣ አልሞቱም!" አልኩት።

"መቼ ነው?"

"አልሞቱም እኮ እያልኩህ ነው!"

"ታማ ነበር?"

"ወላሂ ጤነኛ ናቸው!" አለ ኢብራሂም።

"እንግዲያ ድንገት ነው ማለት ነው!" ብሎ ደረቱን መታ።

መርዶ ያረዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ሰው የሚለው "ታመዋል እንጂ አልሞቱም" ነው። ስለዚህ "አልሞቱም" ባልነው ቁጥር ይበልጥ ሞቱ። ጋሽ መኮንን እንኳ ግራ ገብቷቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ለመሆኑ በምን ሞቱ?" አሉኝ።

ከታች ቤት ከባሏ ጋር የምትኖረው ነርሷ ሲስተር አስካለ ጩኸቱን ሰምታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ሥዕሉን ስታይ እሷም ጮኸች። ልነግራት ሞከርኩ፤ እሷ ግን ቁና ቁና እየተነፈሰች "ለጓደኞቹ ይነገር" ብላ ወርዳ ስልኳን አነሳች። ሁለት ሰዓት ሳይሆን ከኮበርም፣ ከደህራንም፣ ከደማምም ሰው ይጎርፍ ጀመር። አንዷ አምባሻ ይዛ መጣች። አንዱ ውሃ በካርቶን ተሸክሞ መጣ። የሕንጻው ዘበኛ፣ ግብጻዊ ሽማግሌ፣ "ሙሽኪላ?" እያለ ብቅ አለ። ኢብራሂም "ማፊ ሙሽኪላ! ማፊ ሞት!" አለው፤ ችግርም ሞትም የለም ማለቱ ነው። ዘበኛው ሥዕሉን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወርዶም ዐሥራ ሁለት ወንበር ይዞ ተመለሰ።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ለመጣው ሁሉ "አልሞቱም" እላለሁ፤ የመጣው ሁሉ "እግዜር ያጽናችሁ" ይለኛል። አንድ የተፈራ የሥራ ባልደረባ ደግሞ እጄን ይዞ "እኔ ረቡዕ ነው የሰማሁት፤ ለሱ እስኪነገረው ብዬ ነው ዝም ያልኩ" አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ጥርጣሬ ገባኝ። ‘ማን ያውቃል?’ አልኩ በልቤ፤ እንባዬም መጣ። ይባስ ብሎ እትዬ ዘነቡን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ሥዕሉን እያዩ "ቁርጥ እሳቸውን" ይላሉ። በሥዕል ሕይወቴ የሳልኩት ሰው ሲታወቅልኝ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ደስ ሊለኝ ግን አልቻለም።

ተፈራ ግን ቀልድ አልነበረውም። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጮኾ ሲደክመው በለሆሳስ "አምስት ዓመት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ቆይ ስላት" ይላል። ይህን ስሰማ አፈርኩ። የሰረቅኩት ፎቶ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ስርቆቱን፣ ዐይኗን መሳል ቢያቅተኝ መጨፈኔን፣ የጋሽ መኮንንን ዓሣ ሳይቀር። ተፈራ ሰማኝና በሚያሳዝን ፊት "ልታጽናናኝ ብለህ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ።

"እንግዲያው ይደወል!" አለ ኢብራሂም። "ጁምዓዬ ሳያልፍ ይደወል!"

ተፈራን ብብቱን ይዘን ወደ ሲስተር አስካለ ቤት አወረድነው። ለቀስተኛውም እንዳለ ተከትሎን ወረደ። ደሴ ከእናቱ ቤት ሦስት ቤት አልፎ ስልክ ያለው ባለሱቅ አለ። ቁጥሩን ከደብተሩ አግኝተን ስንቴ ሞክረን ስንቴ ተቋርጦ ገባልን። እዚህ ላይ እኔ ልናገር ስል ጋሽ መኮንን "ተው፣ ትልቅ ሰው ይቅደም" ብለው መነጋገሪያውን ተቀበሉኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በዚያ በሚታወቀው ድምፃቸው፦

"ጤና ይስጥልን ወንድሜ። ከሳውዲ ዐረቢያ ነው። እዚያ ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ እናት አሉ አይደል? ስለ ተፈራ ጉዳይ ነበር... አዎ፣ ስለ ልጃቸው። እባክህ ቀስ አድርገህ ጥራልን። ብቻቸውን አይምጡ፣ ሰው ይደግፋቸው።"

ኢብራሂም ግንባሩን በመዳፉ መታ። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ።

መነጋገሪያው ተፈራ ጆሮ ላይ ተደረገ። ጠበቅን። ብዙም አልቆየም፤ በስልኩ ውስጥ ከሩቅ ጩኸት መጣ። የብዙ ሴቶች ለቅሶ፤ እየቀረበ፣ እየቀረበ። ሁላችንም ሰማነው።

"አላልኳችሁም?" አለ ተፈራ። "ለቅሶዋ ይኸው! ሰፈሩ እያለቀሰ ነው!"

ሲስተር አስካለ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ደሴም ይህን ጩኸት በስልኩ ሰማች መሰለኝ የባሰውን ጮኸች። ለትንሽ ጊዜ ሁለት አገር እርስ በርስ ተላቀሰ። በዚያ መሃል አንዲት ሴት ከሁሉ በላይ "ልጄን! ልጄን! የኔን ልጅ ምን አደረጋችሁት!" ስትል ተሰማች።

ተፈራ እንደ ድንጋይ ደረቀ። "እማዬ?"

"ማነህ አንተ?"

"እኔ ነኝ፤ ተፈራ ነኝ!"

"ምን ያደረግኩህ ሰው ነህ የልጄን ድምፅ የምታስመስልብኝ! ሊያጽናኑኝ ሌላ ሰው አቀረቡልኝ!"

"እማዬ እኔ ነኝ! አንቺ ደህና ነሽ?"

"ልጄ ከሆንክ፣ እናትህ ማን ብላ ነው ያሳደገችህ?"

ተፈራ ቀና ብሎ አየን። ክፍሉ ውስጥ የሆስፒታሉ ባልደረቦቹ፣ የደህራን ሰዎች፣ ዘበኛው ሳይቀር ቆመዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አለ።

"አይሰማም!" አለች እናቱ፤ ለእኛ እንኳ ተሰማን።

"ድንቡሼ! ድንቡሼ ነኝ እማዬ!" ብሎ ጮኸ፤ ያ ቀጭን፣ ያ ሎጋ ሰው።

ማንም አልሳቀም። መሳቁ በኋላ ነው የመጣው። በስልኩ ውስጥ ለቅሶው ቀስ በቀስ ረገበ። እትዬ ዘነቡ ስትናፈጥ ተሰማ። ከዚያ በተቆጣ ድምፅ፦

"ካልሞትክ ታዲያ ለምን አትመጣም?" አለችው።

የተጠየቀው ተፈራ ብቻ ነበር፤ መሬት መሬቱን ያየነው ግን ሁላችንም ነን። ተፈራ እንባውን በፒጃማው እጅጌ ጠረገና "እመጣለሁ እማዬ" አላት። ቅዳሜ ሥራ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው የዕረፍት ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ በወሩ ከደህራን አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘነው።

ያን ዓርብ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሲስተር አስካለ ሳትጠየቅ መነጋገሪያውን አንስታ የራሷን እናት ደወለች። ከእሷ ቀጥሎ ባሏ። ከባሏ ቀጥሎ ያቺ አምባሻ ያመጣችው። ለቅሶ የመጣ ሰው በሙሉ በሰልፍ ቆሞ ተራውን ጠበቀ። ኢብራሂም ጁምዓው ሲደርስበት ቦታውን አስይዞኝ መስጊድ ደርሶ መጣ።

እኔ ዘጠነኛ ነበርኩ። እናቴ የምትኖረው አዲስ አበባ እህቴ ጋ ነው፤ ስልኩን ያነሳችው ራሷ ናት። ድምፄን ስትሰማ ጤናዬን እንኳ አልጠየቀችኝም።

"ማን ሞተ?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተም።"

"ታመሃል?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ደወልክ?"

"እንዲሁ ነው እማዬ።"

የተቋረጠ መስሎኝ "ሀሎ?" አልኩ።

"እንዲሁም ይደወላል እንዴ?" አለች።